ሦስት ሕያው የባሕር ድንጋይ

የተረከብኩት በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ነው። ተራ ቁጥር አንድ፣ የመስታወት ገንዳ ከነብረት ፍሬሙ። ሁለት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አየር መንፊያ። ሦስት፣ ማሞቂያ። አራት፣ ሙቀት መለኪያ። አምስት፣ የጨው መጠን መለኪያ፣ ተሰባሪ። ስድስት፣ የባሕር ውኃ በጀሪካን፣ ብዛት አራት። ሰባተኛው ተራ ላይ ሲደርስ የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ አነሳው፤ ደግሞ አሳረፈው። በመጨረሻ «የባሕር ድንጋይ፣ ብዛት ሦስት» ብሎ ጻፈ። «ሁኔታ» የሚለው አምድ ጋ ቀና ብሎ አየኝ። ለወንበር ደህና ወይም የተሰበረ ይባላል፤ ለዚህ ምን ልበል አለኝ። ሕያው ናቸው አልኩት። «ሕያው» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ፍርሃቱ የመጣው ከፈረምኩ በኋላ ነው። ሕያው የሚለውን ቃል የሰጠሁት ራሴ ነኝ። «ደህና» ብዬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል አልፈራም ነበር፤ ድንጋይ ሁልጊዜም ደህና ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ላሊበላ መምህርት ሆኜ ከተመደብኩ አንድ ዓመት አልሞላኝም። ተማሪ ሳለሁ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከቀይ ባሕር የመጡ ኮራሎች የሚኖሩባትን ትንሽ ገንዳ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሥራው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ስለነበርና ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር ስለማይጠይቅ ወድጄው ነበር። ይህንንም ስቀጠር በሞላሁት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ጻፍኩት። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰውን ወንድሜንም እዚያው ቅጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከመጻፉ ይልቅ መደበቁ ያስፈራኝ ነበር። ቅጹን የአውራጃው ካድሬ አነበበው። ሁለቱንም አንብቧል ማለት ነው።

ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ነበር። ካድሬው የደጋው ገበሬ የእናት አገሩን ባሕር በዓይኑ ይይ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ ከላይ ተወደደለት፤ ገንዳውም ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ የኩልመስክ መንገድ በዝናብ ሳይዘጋ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ በጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ የወልድያ መንገድ ሰው ነው፣ እስላም። ገንዳውን በፍራሽ ጠቅልሎ አስሮት ነበር፤ በየሰዓቱ እየቆመም በብስክሌት መንፊያ አየር ሲነፋለት ነው የመጣው። እናቱ በአንገቷ የምታስረው መርጃን የሚባለው ቀይ ዶቃ ከዚህ ዘር መሆኑን ያውቃል፤ በሕይወት እንደሚኖር ግን ወላሂ አላውቅም ነበር አለኝ። ከበዓሉ በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ተመልሶ እንደሚወስደው ነግሮኝ ሄደ።

ክረምቱን ደሴ እናቴ ዘንድ ለማሳለፍ ጓዜን አስሬ ነበር። ፈታሁት። ዲሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ፣ ጓድ ካድሬው ባንቺ ላይ ትልቅ እምነት አለው አለኝ። ይህን ሲናገር ፊቱ የሚያዝን ሰው ፊት ነበር።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ድንጋዩ አጥንቱ ነው። በላዩ እንደ ስስ ቆዳ የተዘረጋው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሥጋ ነው ሕይወቱ። ሥጋው የሞተ እንደሆነ ከሥሩ ነጭ አጥንት ብቻ ይቀራል። ይህን ለካድሬው፣ ለዲሬክተሩና ለጸሐፊው በመጀመሪያው ቀን ነግሬያቸዋለሁ። ስናገር ድምፄ ዝቅ ስለሚል ማንም ሙሉውን የሚሰማኝ አይመስለኝም።

በዚያ ዘመን እንዲሁ በራሱ የሚበላሽ ነገር አልነበረም። ጄኔሬተር ከተቃጠለ አሻጥር ነው፤ የመጋዘን እህል ከነቀዘ አሻጥር ነው። በነቀዝ የታሰረ የመጋዘን ሠራተኛ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ነቀዝ ከሚበላው እህል ይልቅ ቶሎ የሚሞት ነገር፣ ከባሕሩ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከፍ ባለ አገር፣ በሐምሌ ብርድ፣ ለሁለት ወር ተኩል በሕይወት ላቆይ ፈርሜያለሁ።

የከተማው ጄኔሬተር የሚሠራው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ መንፊያውም ማሞቂያውም ዕቃ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲኩን፣ ከመነዳሪውን፣ ለምኜ አገኘሁ። በብስክሌት መንፊያ እስኪወጠር እነፋዋለሁ፤ ከአፉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስሬ፣ ቱቦውን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ፣ አየሩ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ውኃው ውስጥ እንዲፍለቀለቅ አደርጋለሁ። አንዴ የተነፋ ከመነዳሪ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየኛል፤ ሌሊትም እየተነሣሁ እነፋዋለሁ። የኤሌክትሪኩ መንፊያ ውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ በሁለተኛው ሳምንት ስትቀደድ ምትኳን ከዚያው ከመነዳሪ ጫፍ በመቀስ ቆርጬ ሠራሁ። ለሙቀቱ ደግሞ የፈላ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ አፉን በቡሽ ደፍኜ፣ ገንዳው ውስጥ አቆማለሁ፤ ሲቀዘቅዝ አወጣና ሌላ አቆማለሁ። ገንዳው በሦስት በኩል በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ በአራተኛው በኩል ጭጋግ ያልዋጠውን ብርሃን እንዲያገኝ ወደ መስኮት ዞሯል። ከውኃው ልክ ላይ በፕላስተር መስመር አበጅቻለሁ። ውኃው ተኖ ከመስመሩ ሲወርድ የሚሞላው በዝናብ ውኃ ነው፤ ጨው አይተንምና። የጨው መጠን መለኪያዋን በቀን ሁለት ጊዜ አንሳፍፋት ነበር። እንደ እንቁላል ይዤ ነው የማነሳት።

ይህን ሁሉ ብቻዬን አልሠራሁትም። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው በአንዱ ደብር መሪጌታ ሆነው ኖረው ሞተዋል። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ልጄ ይሉኛል። ማለዳ ውኃውን አፍልተው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። በየወሩ የቅዱሳኑን ቀን አክብረው ከውይይት ክበብ ስለሚቀሩ ካድሬው ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ገሥጿቸዋል። በሦስተኛው ከሥራ ይወገዳሉ፣ ምናልባትም ሌላ ነገር ይከተላል ይባል ነበር። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አይናገርም።

ለኮራሎቹ ስም ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። ቅርንጫፍ ያላትን ቀንዳሟ፣ እንደ ቅጠል የተጠቀለለችውን ጎመኗ፣ ክቧንና ወፍራሟን ድፎዋ አሏቸው። «ጨው ውስጥ ውላ ጨው ውስጥ የምታድር፣ ይቺ ወጥ ናት እንጂ ፍጥረት ናት?» ይሉኝ ነበር። ከድንጋይ በተፈለፈለ አገር ስለኖሩ ድንጋይ በክብር መያዙ አልገረማቸውም፤ መብላቱ ነው የገረማቸው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቋንጣ በውኃ በጥብጬ፣ በጠብታ አጎርሳቸዋለሁ። ነሐሴ ሲገባ እትዬ አፋቸውን ይዘው፣ «ሕፃኑ በሚጾምበት ፍልሰታ ሥጋ የምትበላ ድንጋይ አመጣሽብን» አሉ። ቢሆንም ቋንጣውን ራሳቸው ወቅጠው፣ እጃቸውን ታጥበው ያመጡልኛል። ለራሳቸው አይቀምሱም፤ ለሽታውም ፊታቸውን ያዞራሉ።

በየሳምንቱ ከገንዳው ስድስት ሊትር ያህል አሮጌ ውኃ እየቀዳሁ በጀሪካን በመጣው አዲስ የባሕር ውኃ እተካለሁ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሁለቱ ጀሪካኖች አልቀው ነበር፤ ባዶዎቹን የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ለናፍጣ ወስዷቸዋል። አንድ ጠዋት ስመጣ የክፍሉ ወለል ረጥቧል። ሦስተኛው ጀሪካን ከሥሩ ተሰንጥቋል። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታልና ሌላ የባሕር ውኃ አይመጣም። ስንጥቁን በእጄ ደፍኜ እትዬን ጠራኋቸው፤ ቶሎ ብለው ባልዲ አመጡ። ባልዲው ቆርቆሮ ነው፤ ጨው ውኃ ዝገቱን ያወጣዋል። ስለዚህ ንጹሕ እንስራ ይፈልጉልኝ፣ በደንብ የጸዳ ይሁን አልኳቸው። ምሳ ሳይደርስ ከቤታቸው አዲስ እንስራ በጀርባቸው አዝለው መጡ። የተረፈውን ውኃ ገለበጥንበት።

ከሰዓት በኋላ ስድስቱን ሊትር ከእንስራው ስቀዳ የወይራ ጢስ ሸተተኝ። የእናቴ ቤት የውኃ እንስራ ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ አፌን ጠርዙ ላይ አድርጌ የምጠጣበት ሽታ። ደስ አለኝ። ይህን ነው የማልረሳው፤ አንድ ወር ተኩል ሙሉ ስፈራ ኖሬ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። በእጄ እያንቆረቆርኩ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም ተኮማትረዋል። ውኃው እንደ ሩዝ እጣቢ ደፍርሷል። ቀንዳሟ ላይ ያለው ቆዳ ከቅርንጫፎቿ እየተላቀቀ እንደ እንቁላል ነጭ ይንጠለጠላል፤ የለቀቀው ቦታ ነጭ ነው። ሙቀቱን አየሁ፤ ደህና ነው። ጨውን አየሁ፤ ልክ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ውኃውን አሸተትኩ። የትናንቱ ሽታ አሁንም አለ።

እትዬ ወለል እየጠረጉ ነበር።

«እትዬ፣ እንስራውን በምን አጠቡት?»

«በግራዋ ነዋ። በግራዋ ፈትጌ፣ አለቅልቄ፣ በወይራ አጠንኩት። ያንቺ ውኃ ነው ብዬ ሁለቴ ነው ያጠንኩት።» ወደ ገንዳው ስዞር መጥረጊያውን አቆሙ። «ምነው? አነሰው እንዴ?»

ትክክል ነበሩ። ንጹሕ እንስራ ማለት በአገራችን የታጠነ እንስራ ነው። ያልታጠነ እንስራ ቢያመጡልኝ እናቴም እኔም ቆሻሻ ነው የምንለው። እኔ ደግሞ ጢስ በውኃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አራት ዓመት ተምሬ፣ አፍንጫዬ እየነገረኝ፣ ስለለመድኩት ብቻ አላሰብኩትም።

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ገንዳው ፊት ቆሙ። ቀንዳሟን አዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ኮራሏ አልነበረም።

«እሱ ሰምቷል?» አሉኝ።

አልሰማም፤ ለማንም እንዳይናገሩ አልኳቸው። ይህን ስናገር ከአፌ የወጣው ድምፅ ወንድሜ በተወሰደ ሰሞን እናቴ ታወጣው የነበረው ዓይነት ነው። የመሪጌታ ሚስት፣ ሁለት ጊዜ የተገሠጹ፣ የአብዮቱን በዓል ንብረት በጢስ መረዙ። እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ አስቀድሜ አውቀው ነበር። ከሥሩ የኔ ፊርማ፣ ከፊርማዬ ሥር ደግሞ የወንድሜ ስም።

ጢስ ከውኃ የሚወጣበት የማውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰል። ከገበያ የገዛሁትን ከሰል አድቅቄ፣ ደጋግሜ አፍልቼ አጠብኩት፤ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ በማጥለያ ላይ አደረግኩት። ከዚያ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ የገንዳውን ውኃ በኩባያ እየቀዳሁ በከሰሉ ውስጥ አሳለፍኩ። አራተኛው ጀሪካን ገና ያልተነካ ነበርና ከእሱም ጨመርኩ፤ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያስቀመጥኩትን። እሑድ እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሳልጠራቸው መጡና ከማዶ ተቀምጠው ማጥለያውን ያዙልኝ። ሰው በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም እጃችንን እናቆማለን።

ሰኞ ውኃው ጠራ። ሽታው ጠፋ። ቀንዳሟ ግን አልቃለች፤ ከእግሯ እስከ ጫፏ ነጭ ሆናለች። ጎመኗ ጠርዟ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ወጥቶባት ቆመች። ድፎዋ ተዘግታ ቆየች፤ ትሙት ትዳን አይታወቅም ነበር።

ጳጉሜን ሁለት ላይ ካድሬው ከዲሬክተሩ ጋር መጣ። እትዬ በሩ አጠገብ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ካድሬው ረጅም ነው፤ ገንዳው ፊት ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። እጄን ከኋላዬ አድርጌ ጣቶቼን እጨብጣለሁ። ዓይኑ በቀጥታ ቀንዳሟ ላይ አረፈ፤ ብዙ ጊዜም ቆየ።

«ይቺ ናት እንግዲህ» አለ። «በረዶ። ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም።»

«አልነበረችም» አልኩ።

«ምን አደረግሻት?»

እውነቱን ልነግረው ነበር። የባልዲው እጀታ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እትዬ እጃቸውን እየቀያየሩ ነው።

«ታጥባ ነው» አልኩ።

ወደ ዲሬክተሩ ዞሮ፣ «አየህ? ሳይንስ ማለት ይሄ ነው» አለው። ዲሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ካድሬው ቀጥሎ ጎመኗንና ድፎዋን በእርሳሱ ጫፍ እያመለከተ፣ እነዚህ ግን የጭቃ ቀለም አላቸው አለ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ለጭቃ ብለው አይመጡም፤ ጭቃ እዚህም ሞልቷል። ይህን ብሎ ሳቀ፤ ዲሬክተሩም ሳቀ።

«ለበዓሉ እነሱንም እንደዚችኛዋ አንጪልኝ» አለኝ። «አምስት ቀን አለሽ፣ ጓድ መምህርት።»

ሲሄዱ እትዬ በሩን ዘጉ። ካድሬው ሲቆጣ አይቼ አውቃለሁ፤ ሲደሰት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የደስታው ትእዛዝ ከቁጣው ይልቅ አስፈራኝ። ግደያቸው ማለቱ ነው፤ ማለቱን ግን አያውቅም። እንዲያውቅ ካደረግኩ ደግሞ የመጀመሪያዋ እንዴት ሞተች ይለኛል።

በማግሥቱ እትዬ የወይራ ፍልጥ በነጠላቸው ሸሽገው አመጡ። ገንዳው ሥር አኖሩትና ቆመው አዩኝ። «ካዘዘሽ ካዘዘሽ እኔ አጥናቸዋለሁ» አሉኝ። «ኃጢአቱም ለኔ ይሁን። አንቺ ልጅ ነሽ፤ እናት አለሽ።»

አስቤበታለሁ። አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው። ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ እንደ ሒሳብ ሁለቱን መንገድ አስቀምጬ አየሁ። ባጥናቸው ካድሬው ይደሰታል፤ ገንዳው ወደ ባሕሩ ሲመለስ ግን እዚያ ያሉት ባለሙያዎች በአንድ እይታ ሦስት ሬሳ መሆኑን ያውቃሉ፤ ወረቀቱ ሦስት ሕያው ይላል። ባላጥናቸው ዛሬውኑ ልናገር ነው። እንዲህ እያሰብኩ ሳለሁ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ጭጋጉን ሰንጥቃ መስኮቱን ነካች። ድፎዋ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ተከፈተች። ከየጉድጓዷ ፀጉር የሚያካክሉ ጣቶቿን አወጣች፤ እየተንቀጠቀጡ ውኃው ውስጥ ምግብ ይፈልጋሉ። እትዬ አዩአት። ጎንበስ ብለው ፍልጡን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ወደ ካድሬው ቢሮ ስወጣ የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የትኛውም ውስጥ እንስራ የሚል ቃል የለም። ቢሮው ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ ያሳልፉኝ ይሆናል ብዬ ሳይሆን ቢከለክሉኝ ብዬ ተመኘሁ። አሳለፉኝ።

«ጓድ፣ ነጯ የሞተች ናት» አልኩት። «ነጩ አጥንቷ ነው። ሌሎቹን ማንጣት መግደል ነው።»

አልገባውም መሰለኝ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ተነስቶ በሩን ራሱ ዘጋው።

«ማን ገደላት?» አለ። ሞተች እንዴ አላለም።

«እኔ። ውኃውን ሳልመረምር ጨመርኩ።»

«ውኃውን ማን አቀበለሽ?»

«ራሴ ቀዳሁ።»

ይህ እውነት ነበር። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅሁ፤ ውኃው በምን ውስጥ ነበር የሚለውን። እሱ የሲጋራ ፓኬቱን ከፈተ፤ ሲጋራ ሳያወጣ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው።

«ትናንት በሬዲዮ ነግሬያቸዋለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንደ በረዶ ነጭ የሆነ ሕያው ኮራል አለን ብዬ። ፕሮግራሙ ላይ አስገብተውታል።» ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይሄን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለኔም አልነገርሽኝም። ነጯን ከፊት አድርጊያት። ሁለቱን እንዳሉ ተያቸው።»

ከቢሮው ስወጣ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ፈርቶ ነበር። አንድ ሰው የሚፈራው ሰው ሲፈራ ሲያይ የሚቀለው ይመስለኝ ነበር፤ አይቀልም። ከዚያ ሰው በላይ ያሉት ምን ያህል እንደሆኑ ማሰብ ይጀምራል።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ በገንዳው ፊት የቆሙበት ጊዜ የአንድ ከመነዳሪ አየር ሩቡን ያህል እንኳ አይሆንም። ማብራሪያውን ካድሬው ራሱ ሰጠ፤ እኔ ከገንዳው ጀርባ ቆሜ መቆንጠጫውን ይዤ ነበር። አንዱ ባለ ኮፍያ ሹም ቀንዳሟን እያየ፣ የሶሻሊስት ሳይንስ ፍሬ መሆኗን ተናገረ፤ ተጨበጨበ። አንገቱን ወደኔ ባዞረ ቁጥር ያወቀ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ቃል ብጠየቅ የምመልስ አይመስለኝም። ማንም አልጠየቀኝም። ድፎዋና ጎመኗ ከኋላ በቡናማቸው ተቀምጠዋል፤ እነሱን ያየ አላየሁም፤ ከበሩ ሥር ሆነው አንገታቸውን ከሚያሰግጉት ከእትዬ በቀር።

ጥቅምት ሲገባ መንገዱ ደረቀ፤ ሾፌሩም መጣ። የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ የድሮውን ወረቀት ከፊቱ ዘርግቶ ቃል በቃል እየገለበጠ የወጪ ሞዴሉን ጻፈ። «የባሕር ድንጋይ፣ ብዛት ሦስት፣ ሕያው» ብሎ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

መፈረም ብቻ ነበር የቀረኝ። ካድሬው «ለኔም አልነገርሽኝም» ብሎኛል፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ከውጭ ፍራሹን ሲያራግፍ ይሰማኛል። ሦስት ሕያው ብሎ የተረከበ ሰው ባሕሩ ጋ ደርሶ አንዲት ሬሳ ካወረደ፣ የሞተችው መንገድ ላይ ነው ይባላል። ገዳይ ይፈለጋል፤ እሱም በቅርብ የሚገኘው ነው። ከጸሐፊው ፊት ወረቀቱን ሳብኩና ሕያው የሚለውን ሰርዤ፣ በትንሽ ፊደል፣ ሁለት ሕያው፣ አንድ የሞተ፤ የሞተው ተረካቢዋ መምህርት ውኃውን ሳትመረምር በመጨመሯ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። ጸሐፊው አንብቦ የወረቀቱን አንድ ቅጂ ቀዶ ሰጠኝና እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ጠረጴዛው የሚያቃጥል ይመስል።

ሾፌሩም አነበበው። ማንበብ ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ይሄን ለምን ጻፍሽ፣ እህቴ?» አለኝ።

«ባንተ ላይ እንዳያላክኩት።»

ለአፍታ አየኝና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ከደረት ኪሱ አስገባ። ከመነዳሪውን ስሰጠው እንዴት እንደሚቆነጠጥ ሁለት ጊዜ አሳየሁት።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ነው የያዝኩት። መኪና በመጣ ቁጥር የማስተምረውን አቋርጣለሁ። የመልእክት ሰው ክፍል ሲያንኳኳ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፤ ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ካድሬው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ያወቀ ይሁን ያላወቀ አይታወቅም። ቅጂዬን መጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ቀጥሎ ትራስ ውስጥ፣ በመጨረሻ የእትዬ የስንዴ ጎታ ሥር ደበቅኩት።

ሾፌሩ ለሌላ ጭነት የተመለሰው ለገና ሳምንት ሲቀረው ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። ሁለቱም በሰላም ገብተዋል አለኝ፤ ድፎዋ እንዲያውም መንገድ ላይ ተከፍታ ነበር፣ ወላሂ። እሱንም ማንም አልያዘውም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ወረቀቱን ማን አነበበው አልኩት።

«እንጃ» አለኝ። «ተቀብለው ማህተም መቱበት። ወደ ፋይል ገባ።»

ወደ ክፍሌ ስመለስ እትዬ ኮሪደሩን እያጠቡ ነበር። ምን አለ አሉኝ። ደህና ገብተዋል አልኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም። ጨርቃቸውን ጨመቁ፤ ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲህ ቋንጣውን ማን ይወቅጥላቸዋል?» አሉ።